የዋሊያው ዘበኛ

አባቴ ያረፈው አምና ክረምቱ ሳይወጣ ነበር። በቀብሩ ዕለት ስለ ደግነቱ፣ ስለ ሃይማኖተኛነቱና የተጣላ ስለማስታረቁ ብዙ ተነገረ፤ ከተነገረውም ውስጥ ሐሰት የሚባል አልነበረበትም። ይሁን እንጂ በለቅሶ የሚነገረው ለየትኛውም ደግ ሰው ሊነገር የሚችል ነው። እርሱ ዕድሜውን የፈጀው በገደል አፋፍ ላይ በመሄድ፣ በመቆምና ያየውን በትክክል በመናገር ሲሆን፣ ይህንን ግን ያን ዕለት ያነሳ ሰው አልነበረም። ተራራን አጥብቆ ማወቅ በእኛ ዘንድ እንደ ሙያ ስለማይቆጠር ይሆናል። ሙት ዓመቱ ሳይደርስ እኔ ልጽፈው ወሰንሁ።

አባቴ በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ስካውት ነበር። የመንደራችን ሰው ግን ስካውት አይለውም፤ «የዋሊያው ዘበኛ» ነበር የሚለው። ስሙ ለሙገሳ የወጣ አለመሆኑን የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

የተወለደው ከደባርቅ በስተምሥራቅ፣ በአምባው ጫፍ ላይ ከሰፈሩት መንደሮች በአንዱ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 በሕግ ሲቋቋም እርሱ የአያቴን በጎች የሚጠብቅ ልጅ ነበር፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 ስሜንን ከላሊበላ ጋር በመጀመሪያዎቹ የዓለም ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ሲያስገባው ደግሞ ሚስት ያገባና ጥማድ በሬ ያለው ገበሬ ሆኖ ነበር። ከሁለቱ አንዱንም በጊዜው አልሰማም። በደርግ ዘመን ማብቂያ አካባቢው የጦርነት ቀጠና ሆኖ የፓርኩ ሥራ ተቋረጠ፣ ካምፖቹም ፈረሱ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ፓርኩ እንደገና ሥራ ሲጀምር አገሩን የሚያውቅ ሰው ይፈለግ ነበርና፣ አባቴ ከሳንቃበር እስከ ጨነቅ ያለውን አቋራጭ ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ መሄድ ስለሚችል ተቀጠረ። ማንበብና መጻፍ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የተማረ ሲሆን፣ ጽሑፉ ትልልቅና ቀጥ ያለ፣ አንድም ፊደል የማይጎድልበት ነበር።

አረማመዱን ከሁሉ በፊት መናገር አለብኝ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ይነሳና በአቅማዳው በሶ፣ በኪሱ ቆሎ ይዞ፣ ጋቢውን ተከናንቦና ክላሹን በትከሻው አንግቶ ይወጣል። በእግሩ የሚያደርገው ኮንጎ ጫማ ነበር። ለሥራው የተሰጠው ቡት ተወልውሎ አልጋ ሥር ይቀመጥና ለስብሰባ ብቻ ይወጣል፤ «ቡት ድንጋዩን አያሰማኝም» ይል ነበር። ሽቅብ ሲወጣ አይናገርም፣ አይቆምምም፤ እርምጃው ከመነሻው ዝግ ያለ ስለሆነ እየሮጠ ያለፈውን ጎረምሳ ሁሉ ከግማሽ መንገድ በኋላ አንድ በአንድ ይደርስበታል። ሽቅብ ላይ የሚያወራ ሰው ካጋጠመው «ትንፋሽ ተርፎታል ማለት ነው፤ ጭነት ጨምሩለት» ይላል። ቁልቁለት ሲጀምር ደግሞ ዝም የሚያሰኘው የለም። ስለ ዘመዶቻችን የማውቀውን አብዛኛውን የሰማሁት ከቧሂት ወደ ጨነቅ ስንወርድ ነው።

እናቴ «ሴት ልጅ ገደል ላይ ምን ታደርጋለች?» እያለች ብትቃወምም፣ ትምህርት በሚዘጋበት ጊዜ ሁሉ ይዞኝ ይሄድ ነበር። መጀመሪያ ያስተማረኝ መሬት ማየት ነው። የዋሊያን በጠጥ ከፍየል፣ የሰስን ከድኩላ እንዴት እንደሚለይ ጎንበስ ብሎ በጣቱ እየፈረከሰ ያሳየኝ ነበር። ከጨነቅ በላይ አንድ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ ዙሪያው በተሰባበረ አጥንት የተሞላ ነው። አጥንት የሚበላው ትልቁ አሞራ አጥንቱን ይዞ ወደ ላይ ከወጣ በኋላ በዚያ ድንጋይ ላይ እየለቀቀ ይሰብረዋል፤ ካልተሰበረ እንደገና ያነሳዋል። አባቴ አንዱን ስባሪ አንስቶ የተሰነጠቀበትን ጠርዝ በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ፣ ይህ አዲስ ነው፣ ያኛው ዝናብ የመታው ነው እያለ ሲለይ ትዝ ይለኛል። ከዚያ በኋላ ስባሪውን ካነሳበት ቦታ መልሶ ያስቀምጠዋል። ለምን እንደሚመልሰው ስጠይቀው፣ አሞራው ተመልሶ ሊመጣበት እንደሚችል ነገረኝ።

ለጭላዳ ግን እንደ ዋሊያ ክብር አልነበረውም፤ ገብስ ስለሚበሉ ይሆናል፣ እርሱም ለነገሩ የገበሬ ልጅ ነው። ሌሊቱን በገደሉ እርከን ላይ አድረው ፀሐይ ስትወጣ ወደ ሜዳው ይወጣሉ፤ ከዚያም እንደ አራሚ ተቀምጠው በመቀመጫቸው እየተንፏቀቁ ሣሩን በጣታቸው ይነጫሉ። ከገደሉ ዘግይተው የወጡ ቀን በረዶ ይጥላል ብሎ ያምን ነበር። እኔ ይህንን ለማረጋገጥ ሞክሬ እንደ አባቴ ሊሆንልኝ አልቻለም፤ እርሱ ግን በረዶ ያልጣለ ቀን «ሌላ ቦታ ጥሏል» ይለኛል። በዚህ አንድ ጉዳይ ላይ ብቻ ነው ያላየውን ሲናገር የሰማሁት።

የዋሊያ ቆጠራ ሲደርስ የቤታችን አየር ይለወጥ ነበር። እንስሳው በዓለም ላይ ከስሜን በስተቀር በዱር የማይገኝ በመሆኑ፣ ቁጥሩ ከፍ ሲል ወይም ዝቅ ሲል ወሬው ከደባርቅ አልፎ ውጭ አገር ይደርሳል። አንዱ ዋሊያ ሁለት ጊዜ እንዳይቆጠር ስካውቶቹ በየአፋፉ ተመድበው በተመሳሳይ ሰዓት ይቆጥራሉ። አንድ ዓመት ከቧሂት በታች ካለው አፋፍ አብሬው ነበርሁ። በደረቱ ተኝቶ፣ ጋቢውን ራሱ ላይ አድርጎ፣ የርቀት መነጽሩን ዓይኑ ላይ እንደያዘ ግራ እጁ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። ከጎኑ በጨርቅ ላይ ቆሎ ዘርግቷል፤ ለወንድ ዋሊያ ሽምብራ፣ ለሴቷ ገብስ፣ ለግልገል ደግሞ ሱፍ እያነሳ ወደ ሌላው ጨርቅ ያሻግራል። ዓይኑን ከመነጽሩ አንስቶ ወደ ቆሎው አያይም፣ ጣቱ ነው የሚለየው። ከታች፣ በጥላው በኩል፣ ጢማሙ ወንድ ዋሊያ ወደ ኋላ የተቆለመመውን ቀንዱን ይዞ ከእርከን ወደ እርከን ሲሸጋገር እኔ ጮህሁ፤ አባቴ ግን አስቀድሞ ሽምብራውን አሻግሮለት ነበር። ሁለት እንስሶች ከቋጥኝ ኋላ ገብተው ሲቀሩ «ሁለቱን ጨምራቸው እንጂ፣ እዚያው ናቸው» አልሁት። «ገቡ፤ ሲወጡ ይቆጠራሉ» አለኝ። ሰዓቱ እስኪያበቃ ሳይወጡ ቀሩ፣ እርሱም ሳይጽፋቸው ቀረ። ቁጥሩ ፎርሙ ላይ ከሰፈረ በኋላ ሽምብራውንም ገብሱንም ሱፉንም ቀላቅሎ እያካፈለ አበላኝ።

ጉም ሌላው ትምህርቱ ነበር። የስሜን ጉም ከቆላው በገደሉ በኩል ተነስቶ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የራስን እጅ እስከማያሳይ ድረስ ይጫናል፤ እንዲህ ባለ ጊዜ አፋፍ ላይ መራመድ ነፍስን አሲዞ መሄድ ነው። የአባቴ ደንብ አጭር ነበር፤ «ጉም ሲመጣ ተቀመጪ፣ ተራራው የትም አይሄድም»። ከግጭ ወደ እሜት ጎጎ ስንሄድ ጉምና በረዶ አብሮ ያዘን። ባለንበት ተቀመጥንና ጋቢውን በሁለታችን ላይ ጣለው። እኔ ገደሉ ከእግሬ ሥር እንዳለ እርግጠኛ ስለነበርሁ እግሬን መዘርጋት እንኳ ፈርቼ አለቀስሁ። እርሱ ግን ልጅ ሳለ የጠበቃቸውን በጎች በስማቸውና በቀለማቸው እየጠራ፣ የትኛዋ ስንት እንደወለደች፣ የትኛዋ በነብር እንደተበላች ሲነግረኝ ቆየ። ጉሙ ሲገለጥ የተቀመጥነው በሰፊ የጓሳ ሜዳ መካከል፣ ከመንገዱ ጥቂት እርምጃ ፈቀቅ ብለን ነበር፤ ገደሉ በጣም ሩቅ ነው። ተናድጄ «ይኼን ያህል ያስቀመጥከኝ ሜዳ ላይ ነው?» ብለው፣ «ሜዳ መሆኑን አሁን ነው ያየነው» ብሎ ተነሳ።

እንግዳ አጅቦ የሚወጣበት ጊዜም ብዙ ነበር። ራስ ዳሽን ለመድረስ ከቧሂት ትከሻ ወደ መሸሃ ወንዝ ቁልቁል ተወርዶ እንደገና ሽቅብ ስለሚወጣ፣ ፈረንጆቹ ያን ሁሉ ለፍተው ከ4,500 ሜትር በላይ ባለው ጫፍ ላይ ግማሽ ሰዓት ተቀምጠው መመለሳቸው ይገርመው ነበር። ተራራ የሚታየው ከፊት ለፊቱ ካለው ተራራ ነው ብሎ ያምናል። በዚህ ጉዳይ አልተስማማንም፤ እኔ ራስ ዳሽንን ወጥቼዋለሁ፣ ደግሞም ብወጣ ደስ ይለኛል።

ወደ ስሙ ልመለስ። በፓርኩ ክልል ጓሳ ማጨድ፣ አስታ የሚባለውን የደጋ ቁጥቋጦ መቁረጥና ከብት ማሰማራት ሲከለከል፣ የሚከለክለው ሰው ከተከልካዩ ጋር አብሮ በግ የጠበቀ፣ በአንድ ደብር የቆረበ ነው። የቤት ክዳን የጓሳ ነው፣ ማገዶው አስታ ነው፤ ለድርቅ ወራት ከፓርኩ ሜዳ የተሻለ ግጦሽ የለም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1996 ስሜንን በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ሲያስገባ ከምክንያቶቹ መካከል የዋሊያ መመናመን፣ የሰውና የከብት ብዛት፣ በፓርኩ ውስጥ የሚያልፈውም መንገድ ይገኙበት ነበር። ከዚያ በኋላ ጥበቃው ጠበቀ። መዝገቡ ፓሪስ ይቀመጥ እንጂ፣ በሬ እየነዳ የሚያወጣው አባቴ ነበር።

ከሚነዳቸው በሬዎች መካከል የእናቴ ወንድም በሬዎች ይገኙበት ነበር። አጎቴ ሁለት በሬዎቹን በጥቅጥቁ አስታ ውስጥ ሲያግድ አባቴ አገኘው፤ በሬዎቹን ነድቶ ካምፕ አስገባ፣ ሪፖርት ጻፈ፣ አጎቴም ተቀጣ። በዚያ ዓመት ፋሲካ አጎቴ ቤታችን አልመጣም፣ በሚቀጥለውም እንዲሁ። ዋጋውን በብዛት የከፈለችው እናቴ ናት፤ ቡና አፍልታ ስትጠራ «መጣሁ» ብለው የሚቀሩ ጎረቤቶች በዙ፣ ወፍጮ ቤት ተራ ስትጠብቅ ወሬው ይቋረጥ ነበር። አባቴ ይህንን ሁሉ እያየ አንድ ቀን እንኳ ራሱን ሲከላከል አልሰማሁም። ሁለተኛ ደረጃ ስደርስ፣ በትምህርት ቤት ስለ ዱር እንስሳት ጥበቃ የተማርሁትን ይዤ ትክክለኛ ሥራ እንደሠራ ልነግረው ሞከርሁ። የሰጠኝን መልስ እስከ ዛሬ አስባለሁ፤ «ሕጉ ትክክል ነው ብዬ አላውቅም። በሬው ግን ገብቶ ነበር»።

ግጭ የተነሳ ጊዜም እንዲሁ ነበር። በፓርኩ እምብርት የነበረው የግጭ መንደር ነዋሪ በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ሲዛወር አባቴ ጡረታ ለመውጣት ተቃርቦ ነበር። በግጭ የአክስቱ ልጆች ነበሩት። ዕቃ በበቅሎና በትከሻ ሲወርድ አብሮ ሲያወርድ ሰነበተ። ከመነሳታቸው በፊትም ሆነ በኋላ መልካም ሆነ ወይም ክፉ ሆነ አላለም፤ እኔ በበኩሌ ሁለቱም ነው ብዬ አምናለሁ፣ ሰው ከአያት ቅድመ አያቱ ደጅ ተነስቶ ከተማ ሲገባ የሚያጣውን ካሳ አይመልሰውም፣ ሜዳው ደግሞ በዓይን በሚታይ ፍጥነት ነው ያገገመው። በቀጣዩ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2017፣ ፓርኩ ከአደጋ መዝገቡ ወጣ። ከዚያ በኋላ አብረን በግጭ ስናልፍ በቀድሞው እርሻ ላይ ጭላዳዎች ተበትነው ነበር። አባቴ የእያንዳንዱን ቤት ቦታ በሳማው ያውቀዋል፤ ሰው የኖረበት ደጅ ላይ ሳማ ከሌላው ቦታ ይልቅ ይበዛልና፣ «ይህ የአክስቴ ደጅ ነው፣ ይህ የቄሱ፣ ይህ በረት ነው» እያለ ከአንዱ የሳማ ክምር ወደ ሌላው መራኝ።

በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. እሳት ሲነሳ ጡረታ ከወጣ ቆይቶ ነበር፤ ጉልበቱም እሺ አይለውም። ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል ደግሞ የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መምጣታቸውን ሁላችንም በዜና ሰምተናል፤ ከዚያ በፊትም ሆነ በዚያው ጊዜ ግን እሳቱን በእርጥብ ቅርንጫፍና በአፈር ሲደበድብ የሰነበተው የአካባቢው ሕዝብ ነው። አባቴ ከልካይ ሆኖ ሲጣላቸው ከኖሩት ሰዎች ጋር ወጣ፤ ቅንድቡ ተለብልቦ፣ ጋቢው በብልጭታ ተበሳስቶ ተመለሰ። አስታ ዘይታም ስለሆነ ሲነድ ይጮኻል፣ ጩኸቱ ከጆሮዬ አልወጣ አለ ይለን ነበር። የተቃጠለው ሁሉ የጠፋ ነው ብለን ስናዝን ግን አስታ ከሥሩ እንደሚያቆጠቁጥ እርሱ ያውቃል። ወደ ላይ መውጣት ካቃተው በኋላ፣ አስጎብኚ የሆነው የወንድሜ ልጅ በመጣ ቁጥር የሚጠይቀው ስለዚሁ ነበር፤ የትኛው ጉቶ አወጣ፣ ቡቃያው እስከ ምን ደረሰ፣ ጉልበት ወይስ ቁርጭምጭሚት። ልጁ «ጥሩ ነው» ብሎ ሊያልፈው ሲሞክር፣ «ጥሩ ስንት ነው?» ይለዋል።

የመጨረሻውን ጊዜ በጎንደር እኔ ዘንድ ነው ያሳለፈው። ደረቱን ስለሚያመው ከደጋው ብርድ እንዲርቅ ሐኪም መክሮት ነበር። ከተማው አልጠላውም፣ ነገር ግን ዓይኑ በየአጥሩ ላይ እየቆመ ያስቸግረው ነበር፤ ስለዚህ ጧት ጧት ሰገነቱ ላይ ወንበር እናወጣለታለን። እዚያ ተቀምጦ የሰፈሩን አሞራዎች፣ የሚያልፉትን ባጃጆች፣ የጎረቤታችንን ዶሮዎች ይቆጥራል። ጎረቤታችን አንዲት ዶሮ ጠፋችብኝ ስትል በየትኛው አጥር እንደወጣች ነግሯት ተገኘች፤ ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ ተከበረ።

በአርባው ዕለት አጎቴ መጣ። ከእናቴ ጋር ከታረቁ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ሰው ጸሎቱ አብቅቶ ማዕድ ሲጠብቅ ከካፖርቱ የውስጥ ኪስ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣና ሰጠኝ፤ የዚያ የበሬዎቹ የቅጣት ደረሰኝና የክሱ ግልባጭ ነበር፣ ከታች የአባቴ ትልልቅ ፊደላት አሉ። «ሁለት በሬ» ይላል። አጎቴ ጣቱን ከቁጥሩ ላይ አሳርፎ «ሦስት ነበሩ» አለ። «ሦስተኛው ወይፈን ከኋላ ነበር፣ አይቶታል፣ ዓይን ለዓይን ነው የተያየነው፤ ሁለት ብሎ ጻፈልኝ። ይህንን ለማንም ተናግሬ አላውቅም»።

ከአባቴ ጋር ዕድሜውን በሙሉ የሠራ አንድ አዛውንት ስካውት ከጎኑ ተቀምጦ ነበርና ወዲያው ተቆጣ። እርሱ ያየውን የሚያስቀር ሰው አይደለም፣ ወይፈኑ ከድንበር ምልክቱ ውጭ ቢሆን ነው እንጂ አለ። አጎቴም በሬው የእኔ፣ ሣሩን የጋጠው የእኔ፣ የት እንደነበር አንተ ልትነግረኝ ነው ወይ ሲል መለሰለት። አዛውንቱ የምልክቱን ድንጋይ ቦታ በወለሉ ላይ በጣቱ መሥራት ጀመረ፤ አጎቴም የኩሬውን ቦታ ጨመረበት። እናቴ ወጥ ይዛ ስትመጣ ሁለቱም ጎንበስ ብለው ወይፈኑ በየት በኩል እንደገባ እየተከራከሩ ነበርና፣ ሳህኑን የምታስቀምጥበት ቦታ ስላጣች «እስቲ ከፓርኩ ውጡልኝ» አለቻቸው።